ምዕራፍ ሰባት፦ ቢቀር ማን ይፈልገዋል?

ልጄ 9ኛ ክፍል የገባች ዓመት፣ መስከረም ላይ አንድ ወረቀት አዘጋጅቼ የፍሪጁ በር ላይ ለጠፍኩ። ሰኞና ረቡዕ ከትምህርት መልስ የሒሳብና የፊዚክስ ቱቶሪያል፣ ማክሰኞ እንግሊዝኛ፣ ሐሙስ ፒያኖ፣ ቅዳሜ ጠዋት ኮዲንግ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቴኳንዶ። እሑድ ለቤተ ክርስቲያንና ለእረፍት ቀረች። እኔን ያለፈኝ ነገር ሁሉ እሷን እንዳያልፋት ከልቤ እፈልግ ነበር።

እስከ ጥር ድረስ ሁሉንም ተከታተለች። አልቀረችም፣ አላጉረመረመችም። ግን ከአንዱም ተመልሳ ሳትጠየቅ ስለ ነገሩ አውርታ አታውቅም። ኪቦርዱ ከሐሙስ እስከ ሐሙስ ጨርቅ እንደለበሰ ይቀመጣል። የቴኳንዶ ልብሷ ታጥቦ ካልተሰጣት የት እንዳለ አታውቅም። ይህን ሁሉ አይ ነበር፤ ትርጉሙ ግን ቶሎ አልገባኝም።

የካቲት ላይ የትምህርት ቤቷ ሚኒ ሚዲያ ውስጥ ገባች። እኔ አልመረጥኩላትም። ዜና የምታነብ ጓደኛዋ ድምፅ የሚያስተካክል ሰው ጠፍቶባት ጎትታ ነው ያስገባቻት። ክፍሉ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ውስጧ አንድ አሮጌ ሚክሰር፣ ሁለት ማይክና ወደ ሜዳው የሚወጣ የስፒከር ገመድ አለ። ከማይኮቹ የአንዱ ገመድ አንገቱ ላይ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ጃኩ ትንሽ ወደ ግራ ተጠምዝዞ ከሥሩ የክብሪት እንጨት ካልገባለት ድምፁ ይቆራረጣል። ልጄ ይህን በሦስተኛው ቀን ደረሰችበት፤ ከዚያ በኋላ ዘዴውን በእጇ የምታውቀው እሷ ብቻ ሆነች። ሰልፍ 2፡00 ሰዓት ስለሆነ 1፡15 ላይ እዚያ መገኘት ነበረባት። ለቱቶሪያል ሦስት ጊዜ ጠርቼ የማስነሳት ልጅ ሳልቀሰቅሳት ተነስታ ዩኒፎርሟን ለብሳ ትጠብቀኝ ጀመር።

አንድ ማክሰኞ ትኩሳት ይዟት ተኝታ ሳለ 1፡40 ላይ ስልኬ ጠራ፤ ከሚኒ ሚዲያው አንድ ልጅ ነበር። «ጤና ይስጥልኝ ማዘር፣ በጠዋት ስለረበሽኩ ይቅርታ። ለእሷ ይስጡልኝ፣ አንዴ ብቻ።» ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረግኩላት። ዓይኗን ሳትገልጥ «ወደ ግራ በለው። አይ፣ ወደ አንተ ግራ። ክብሪቱን ከሥር አስገባ፣ ከላይ አይደለም። አሁን ተናገርበት» አለች። ከስልኩ ውስጥ «አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት» የሚል ድምፅ በሜዳው ሲያስተጋባ እኔም ሰማሁት። ስልኩን መለሰችልኝና ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።

ቱቶሪያሉ ላይ ብትቀር የሚደውል አልነበረም። ፒያኖው ላይ ብትቀርም አስተማሪው የሚቀጥለውን ተማሪ ያስተምራል፤ ገንዘቡ እንደሆነ አስቀድሞ ተከፍሏል። ያን ጠዋት ግን 2፡00 ሰዓት ላይ የሚሰለፍ ትምህርት ቤት በሙሉ የእሷን እጅ ፈለገ። በዚያው ሳምንት ወረቀቱን ከፍሪጁ ላይ አነሳሁት። ከተጻፈው ውስጥ የሒሳቡ ቱቶሪያል ብቻ ቀረ።

ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከትምህርት ውጭ ምን ይመረጥ ሲባል ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት «ምን ይጠቅመዋል?» ብለው ነው። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ከ14 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ ከእሱ በፊት የሚቀድም አለ ብዬ አምናለሁ፦ ልጁ ቢቀር ማን ይፈልገዋል? በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው ቤት ውስጥ ገና ልጅ ነው፣ ክፍል ውስጥም ከ50 ተማሪዎች አንዱ ነው። እሱ ከሌለ የሚጎድል ነገር ያለበት ቦታ ሲያገኝ ግን ሰዓት ማክበርን፣ ቃል መጠበቅን፣ መሳሳትንና ማስተካከልን ማንም ሳይሰብክለት ይማራል።

ይህን በዓይን ማየት የፈለገ ሰርከስ የሚለማመዱ ወጣቶችን ይመልከት። በ1980ዎቹ አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው የወጣቶች ሰርከስ ወደ ጅማ፣ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሌሎችም ከተሞች ተዛምቶ ብዙ የሰፈር ልጅ አሳድጓል። የሰው ፒራሚድ ሲሠራ ተመልካች የሚያጨበጭበው ጫፍ ላይ ለቆመችው ትንሽ ልጅ ነው። ልምምድ ላይ ግን አሠልጣኙ መጀመሪያ የሚቆጥረው ከሥር የሚቆሙትን ነው። ትከሻው ላይ ሁለት ሰው የሚሸከመው ልጅ ያን ቀን ካልመጣ ፒራሚዱ አይሠራም፤ ሌሎቹ ተንጠራርተው፣ ምንጣፉ ላይ ተገለባብጠው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ልጁም ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ ዝናብ ቢሆንም ይመጣል።

በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ታዳጊዎችን ለረጅም ዓመታት ያጠናው ሪድ ላርሰን ለዚህ ጉዳይ የሚረዳ ግኝት አለው። በጥናቶቹ ተማሪዎች ቀኑን ሙሉ ቢፐር ይዘው ይውሉ ነበር። መሣሪያው ባልታሰበ ሰዓት ሲጮህ በዚያች ቅጽበት ምን እየሠሩ እንደሆነ፣ ሐሳባቸው ምን ያህል እንደተሰበሰበና ነገሩን ምን ያህል እንደወደዱት ይሞላሉ። ክፍል ውስጥ ሐሳባቸው ተሰብስቧል፤ ልባቸው ግን እዚያ የለም። ከጓደኞቻቸው ጋር ሲሆኑ ልባቸው አለ፣ ሐሳባቸው ግን ተበትኗል። ሁለቱ አንድ ላይ የተገኙት ልጆቹ ፈቅደው በገቡባቸው፣ ሥርዓትና ግብ ባላቸው ሥራዎች ላይ ነበር፦ በስፖርት፣ በሙዚቃ ቡድን፣ በክበብ። ላርሰን ይህን እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ታዳጊ ልጅ በራሱ አነሳሽነት አንድን ነገር ጀምሮ ዳር ማድረስን የሚማረው በተለይ እዚህ ነው ሲል ተከራክሯል። ልብ በሉ፣ «ፈቅደው የገቡባቸው» ነው ያለው። ሥርዓት ያለው ነገር ሁሉ ይህን አያመጣም። የእኔ የፍሪጅ ወረቀት ሥርዓት ሞልቶት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ አባት «ጥሩ ነው፤ ፈተናውስ?» ብሎ እንደሚጠይቀኝ አውቃለሁ። ፍርሃቱ መሠረት አለው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ፈተና 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ቁጥር የሰማ ወላጅ ለልጁ አንድ ቱቶሪያል ላይ ሌላ ቢጨምር አይፈረድበትም። ነገር ግን አራት ዓመት ሙሉ እንደ ፈተና ዋዜማ መኖር አይቻልም። 9ኛና 10ኛ ክፍል የመሞከሪያ ጊዜ ናቸው፤ 11ኛ ክፍል አንዱን አጥብቆ የሚይዙበት ነው፤ 12ኛ ክፍል ላይ ደግሞ ሰዓት መቀነስ ተገቢ ነው። በሒሳብ የደከመ ልጅ ቱቶሪያል ያስፈልገዋል፣ ይግባ። ሁሉም ጎበዝ ስለሚገባ ብቻ የገባ ልጅ ግን ጠዋት የተማረውን ከሰዓት ደክሞት ነው የሚሰማው።

ቱቶሪያልን ከትምህርት ውጭ ከሚሠራ ነገር ጋር መቁጠርም ስህተት ይመስለኛል። እሱም ትምህርት ነው። አንዲት እናት «ልጄ ከትምህርት ውጭ አምስት ነገር ይሠራል» ስትለኝ ስንቆጥረው አራቱ ቱቶሪያል ሆኖ አገኘነው።

ከፈተናው ቀጥሎ ምርጫችንን የሚያዛባው ሰርተፍኬት ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር የሁለት ሳምንትና የአንድ ወር ሥልጠና ማስታወቂያው ይበዛል፤ መጨረሻው ላይ ፎቶና ሰርተፍኬት አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት የተባሉ ተመራማሪዎች መሳል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን በሦስት ቡድን ከፈሉ። የመጀመሪያዎቹን «ከሳላችሁ ሰርተፍኬት ትሸለማላችሁ» አሏቸው፤ ወርቃማ ማኅተምና ሪባን ያለው ነው። ሁለተኞቹን ምንም ሳይነግሯቸው ስለው ሲጨርሱ ሸለሟቸው። ሦስተኞቹ ምንም አላገኙም። ከአንድና ከሁለት ሳምንት በኋላ በነፃ ሰዓታቸው ሲታዩ፣ ለሽልማት ብለው የሳሉት ልጆች ለስዕል የሰጡት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ነበር። ልጆቹ ትንንሽ ናቸው፤ የ16 ዓመት ጎረምሳ ከእነሱ ይለያል። ያም ሆኖ ከዚህ አንድ የሚያገለግል ልማድ ወስጃለሁ፦ ልጁ ስለ ሥልጠናው ሲጠይቅ ከ«ምን እንሠራለን?» በፊት «ሰርተፍኬት አለው?» ካለ፣ ቆም ብዬ አነጋግረዋለሁ።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር ልምጣ፤ እሱም ሰው ነው። ከቦታው ስምና ከሥልጠናው ዓይነት ይልቅ እዚያ ያለው አዋቂ ሰው ይበልጣል። አርሲ ውስጥ ያለችውን በቆጂን ሁሉም ያውቃል። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ከዚያ ነው የወጡት። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ሰው የበቆጂን ከፍታ፣ አየሯንና ገብሷን ያነሳል። እኔን ግን የሚገርመኝ አሠልጣኙ ስንታየሁ እሸቱ ነው። የስፖርት መምህር ሆኖ ነው የጀመረው። ዓመት ከዓመት ጎህ ሲቀድ ልጆች ሰብስቦ ያሮጠ፣ ማን ጉልበቱን እንደሚያመው፣ ማን ቁርስ ሳይበላ እንደመጣ የሚያይ ሰው ከተማው ውስጥ ባይኖር ያ ሁሉ ከፍታ ምን ያደርግ ነበር? እሱ ካሮጣቸው ልጆች መካከል ሜዳሊያ ያገኙት በጣም ጥቂት ናቸው። የሚበዙት ሜዳሊያ አላገኙም፤ ለእነሱም ያ ጠዋት የከሰረ አይደለም።

ስለዚህ ልጃችሁን ከማስመዝገባችሁ በፊት አንድ ቀን ሄዳችሁ ጥግ ይዛችሁ ተቀመጡ። አሠልጣኙ ወይም መምህሩ ልጆቹን በስም ይጠራል? የተሳሳተውን እንዴት ነው የሚያርመው? ሰዓቱ ሲያልቅ ቀድሞ የሚወጣው ማን ነው? ሰንበት ትምህርት ቤትም ሆነ የሰፈር የእግር ኳስ ፕሮጀክት፣ የቀይ መስቀል ክበብም ሆነ የቲያትር ቡድን፣ ይህ ምልከታ አንድ ሰዓት ነው የሚወስደው። ሴት ልጅ ያላችሁ ደግሞ መንገዱን በእግራችሁ ሂዱበት፤ ማታ 12፡30 ላይ ታክሲ ይገኛል ወይ፣ ልብስ መለወጫው በር ይቆለፋል ወይ፣ ከአሠልጣኙ ሌላ አዋቂ ሰው አለ ወይ። ብዙ ሴት ልጆች ጥሩ ነገር ጀምረው የሚያቋርጡት ሰንፈው አይደለም፤ ወይ መንገዱ ይመሽባቸዋል፣ ወይ እቤት የሚጠብቃቸው ሥራ ወንድማቸውን አይጠብቀውም።

ስለ ጓደኛም ላንሳ። ዣክሊን ኤክልስና ቦኒ ባርበር በሚሺጋን ተማሪዎች ላይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት፣ በቡድን ስፖርት የሚሳተፉ ልጆች ትምህርት ቤታቸውን ይበልጥ የሚወዱ ሆነው ተገኙ፤ መጠጥ በመጠጣት ግን ከሌሎቹ በልጠዋል። በቤተ ክርስቲያንና በበጎ ፈቃድ ሥራ የተሠማሩት ደግሞ ከመጠጥና ከአደንዛዥ ዕፅ ራቅ ብለው ታዩ። ይህ ስፖርትን አያስከስሰውም። ከሁለት ሰዓቱ ልምምድ ባላነሰ ከልምምዱ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ልጁን እንደሚቀርፀው ግን ይጠቁመኛል። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ቡድኑ ወዴት ነው የሚሄደው? ሻይ ቤት ነው፣ ጫት ቤት ነው፣ ወይስ ሁሉም ወደየቤቱ?

እስካሁን ያወራሁት ከተማ ውስጥ፣ ቤተሰቡ ጋር ስለሚኖር ልጅ ነው። በየወረዳው ከተማ ግን ሌላ ተማሪ አለ። ከገጠር መጥቶ፣ ከሁለትና ከሦስት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ ዓርብ ከሰዓት ለስንቅ ወደ ቤተሰቡ በእግሩ የሚሄድ፣ እሑድ ማታ እንጀራና በሶ ተሸክሞ የሚመለስ። ለዚህ ልጅ ቅዳሜ የሚሰጥ ሥልጠና የለም ማለት ነው፤ ቅዳሜው የእርሻና የመንገድ ነው። እሱን የሚያገለግለው በሳምንቱ መካከል፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ያለ ክፍያ የሚሠራ ነገር ነው። በፈረቃ የሚማር ከሆነ ደግሞ ግማሽ ቀን በእጁ አለ፤ ብዙ ጊዜ ማብራትም መጽሐፍም በሌለው ጠባብ ክፍል የሚያልፍ ግማሽ ቀን። ቤተ መጻሕፍቱን ከፍቶ የሚዘጋው፣ ለታናናሾቹ ሒሳብ የሚያስረዳው፣ የችግኝ ጣቢያውን የሚያጠጣው እንዲህ ያለ ልጅ ቢሆን፣ ትምህርት ቤቱም ልጁም ያተርፋሉ። ርእሰ መምህራን ይህን ምዕራፍ የሚያነቡ ከሆነ የምለምናቸው አንድ ነገር ነው፦ የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ ለአንድ ታማኝ የ10ኛ ክፍል ተማሪ አደራ ስጡት።

የአዲስ አበባ ልጅ በዚህ በኩል የተሻለ ዕድል አለው። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ወመዘክር አለ፤ በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ያሉ የስቴም ማዕከላት ክረምት ላይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ተቀብለው ኤሌክትሮኒክስና ኮምፒዩተር ያስተምራሉ። የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎትም አለ፤ የአረጋውያንን ቤት ማደስ፣ ችግኝ መትከል፣ የማጠናከሪያ ትምህርት መስጠት። ከእነዚህ መካከል የማጠናከሪያ ትምህርቱን አስቀድማለሁ። የ11ኛ ክፍል ልጅ ለስድስት የ6ኛ ክፍል ልጆች ክፍልፋይ ሲያስረዳ አንድ ቀን ቢቀር፣ ስድስቱም በር ላይ ቆመው ይጠብቁታል።

ልጆቻቸው ውጭ አገር ለመማር የሚያመለክቱ፣ ወይም ልጆቻቸውን እዚያው የሚያሳድጉ ቤተሰቦች ሌላ ጭንቀት አለባቸው። በአሜሪካ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀበሉት ኮመን አፕ የተባለው የማመልከቻ ቅጽ እስከ 10 የሚደርሱ ተግባራትን መሙያ ቦታ አለው። ያ ባዶ ቦታ ሲታይ አሥሩንም መሙላት ግዴታ ይመስላል፤ አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ብዙ ወገኖቻችን የማያውቁት አንድ ነገር አለ፦ በቅጹ ላይ ከሚመረጡት የተግባር ዓይነቶች መካከል የቤተሰብ ኃላፊነትና በክፍያ የሚሠራ ሥራ ይገኙበታል። እናቷ ሌሊት ፈረቃ ስትሠራ ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿን አብልታ፣ አስጠንታ፣ አስተኝታ የምታድር ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ «እኔ ምንም ተግባር የለኝም» ብላ ቅጹን ባዶ ልትተወው ትችላለች። አላት። ማን ይፈልጋታል ቢባል መልሱ እቤቷ ነው። ከተማዋ ያለችበት የሜሪላንድ ግዛት ደግሞ ከሁለተኛ ደረጃ ለመመረቅ 75 ሰዓት ማኅበራዊ አገልግሎት ይጠይቃል። ሰዓቱን በየቦታው ከመበታተን፣ ልጆች አማርኛ ፊደል በሚማሩበት የቅዳሜ ትምህርት ቤት ወይም አንድ የሚያውቃት ድርጅት ጋር ብታውለው ጓደኛም ቋንቋም ይዛ ትወጣለች።

ስንት ይበቃል ለሚለው፣ እኔ አንድ እላለሁ፤ ሲበዛ ሁለት። ሁለት ከሆኑ አንዱ ሰውነት የሚያንቀሳቅስ ቢሆን ደስ ይለኛል። በሳምንት ቢያንስ አንድ ከሰዓት ምንም ያልተጻፈበት ይሁን። ልጄ የተበላሸ ሬዲዮ ፈታ የገጠመችው እንዲህ ባለ ባዶ ከሰዓት ነው።

ሲጀመር ደግሞ የማቆሚያው ቀን አብሮ ይነገር። «እስከ ገና ሞክረው፤ ከዚያ ትቀጥላለህ ወይም ትተዋለህ፣ ምርጫው የአንተ ነው» የተባለ ልጅ በሦስተኛው ሳምንት ሲሰለች ይታገሳል፤ መጨረሻውን ያውቃልና። የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ግን ቃላችሁን ጠብቁ። «ይህን ሁሉ ገንዘብ ከፍዬ!» ማለት ቀላል ነው፤ ልጁ ግን ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር ለመሞከር ይፈራል። የሚተው ልጅ ማድረግ ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ለአሠልጣኙ ወይም ለክበቡ ኃላፊ በራሱ አፍ መንገር። በእናት ስልክ፣ በቴሌግራም መልእክት ሳይሆን ቆሞ «አመሰግናለሁ፣ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ አልመጣም» ማለት። የሚከብድ ንግግር ነው፤ አስቀድማችሁ ከልጁ ጋር እንድትለማመዱት እመክራለሁ፣ እናንተ አሠልጣኙን ሆናችሁ።

ልጄ 12ኛ ክፍል ሁለተኛው መንፈቅ ላይ ሚኒ ሚዲያውን ተወች። ከመተዋ በፊት ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ አጠገቧ አስቀምጣ ሚክሰሩን አስተማረችው። ፈተናው ካለፈ በኋላ ዶክመንት ልታወጣ ትምህርት ቤቱ ስትሄድ ልጁ ጠርቶ ክፍሉን አሳያት። ማይኩ ያው ነው፣ ፕላስተሩም ያው ነው። ክብሪቱን ግን አንስቶ ከቢክ እስክሪብቶ ክዳን የቆረጠውን ፕላስቲክ አስገብቶበታል፤ ክብሪት በክረምት ይረጥባል፣ ይሰበራልም አላት። እሷም አጎንብሳ አየችው፣ ጃኩን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው፤ ድምፁ አልተቆራረጠም።